ኖራ የበላው ቁጥር

የኪራ ጋሩፋሊያ የልጅ ልጅ ጥርስ አብቅሎ፣ መሮጥ ችሎ፣ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ እያሳደደ ገና ስም አልነበረውም። እኛ ማኒዎች፣ የግሪክ ደቡብ ሰዎች፣ ያልተጠመቀን ወንድ ልጅ «ዘንዶ» ነው የምንለው፤ ክርስትና እስኪነሳ በዚሁ ይጠራል። የሌላ ሰው ዘንዶ ጥቂት ወራት ቆይቶ ስም ያገኝና ሰው ይሆናል። የእሳቸው ግን ዘንዶ እንደሆነ ሱሪ ታጠቀ።

«ኪራ ጋሩፋሊያ፣ ይሄ ልጅ ስም ሳያገኝ ጢሙን ልላጨው ነው መሰለኝ» እላቸዋለሁ፤ ኪራ ማለት ወይዘሮ እንደማለት ነው።

«አንተ መቀስህን ያዝ! ስለት አለብኝ» ይሉኛል።

እኔ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። እሁድ እሁድና በበዓል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ። ዜማውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ከቀድሞው ዘማሪ ጎን ቆሜ፣ እሱ ሲያስል እኔ እየቀጠልኩ፣ እንዲያው በጆሮዬ ገባ። ሥራዬም ዞሮ ዞሮ የጆሮ ሥራ ነው። ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አንገቱ ላይ ፎጣ ሲታሰርለት አፉ ይፈታል። እኔ ቀስ ብዬ እቆርጣለሁ፣ እሰማለሁ። ስለዚህ የዚህን ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ግማሹን ከወንበሩ ሰምቼዋለሁ።

ስለቱ እንዲህ ነው። የኪራ ጋሩፋሊያ ልጅ ፖሊቲሚ ምጥ የጠናባት ቀን፣ አሮጊቷ ከመንደሩ በላይ ወይራው መሀል ወዳለችው ትንሿ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሮጡ። የቤተ ክርስቲያኗ ቁልፍ ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ ከወገባቸው አይለይም። ከፍተው ገቡና ተንበርክከው፣ «በሰላም ገላግያት እንጂ ልጁን እዚሁ በቤትሽ ነው ክርስትና የማስነሳው። ሌላ ቦታ ውሃ አይነካውም!» አሉ። ልጁ በሰላም ተወለደ። በዚያው ክረምት ግን መሬት ተንቀጠቀጠና የቤተ ክርስቲያኗ የፊት ግድግዳ እንደ እርጉዝ ሆዱን ገፋ። ፖሊስ በሩ ላይ ሰንሰለት አሰረ። አባ ዲካዮስ፣ ቄሳችን፣ «ስለቱን በታችኛው ቤተ ክርስቲያን ብንፈጽመው እመቤታችን አትቀየምም» ብለው ቢለምኑ፣ «እሷ ባትቀየም እኔ እቀየማለሁ» ተባሉ። ልጁ ዘንዶ ሆኖ ቀረ።

ሰንሰለቱን ያስፈታችው ሚርሲኒ ናት። የቅርስ መሥሪያ ቤት የላካት አርክቴክት ናት፤ የሰሜኗ ከተማ የያኒና ልጅ፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያቃጠላት፣ ስትስቅ ድምጿ እስከ ወይን መጭመቂያው የሚሰማ። ከሽማግሌው ግንበኛ ከፓናጎስ ጋር ሆና ያንን የተነፋ ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ አወረደችው። ከላዩ የስንት ዘመን ኖራ ተደራርቦበታል፤ እንደ ወፍራም ቂጣ። ኖራውን እዚያው ግድግዳው ላይ ልትፍቀው አልደፈረችም፤ መዶሻ ቢያርፍበት ይናድ ነበርና። ፎቶግራፍ አነሳችው፣ ግን ፎቶው ላይ የሚታየው ነጭ ነው። ስለዚህ ከኖራው ሥር ያለውን አሠራር ማንም ሳያየው ድንጋዩና ጡቡ እየወረደ፣ በንጹሕ ጎኑ በጠመኔ ቁጥር እየተጻፈበት፣ በግቢው ላይ በተርታ ተደረደረ። ለምን በጠመኔ? ጥንታዊ ድንጋይ ላይ ቀለም መቀባት ክልክል ስለሆነ። ዝናብ እንዳይነካው ሸራ አለበሰችው። ከዚያ ፋሲካን ከቤተሰቧ ጋር ልታሳልፍ ወደ ያኒና ሄደች።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ሴቶች ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ ሰው፣ ያንን ግቢ እንዲያው ትቶት አይሄድም ነበር። ያኒናዎች ግን ቤታቸው በድንጋይ እንደነበረ ነው የሚተዉት፤ ከየት ታውቀው። እኛ ጋ ከፋሲካ በፊት ኖራ ያልተቀባ ነገር ካለ እሱ በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ደረጃው፣ የዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ፣ የጉድጓዱ አፍ፣ ሁሉ ይነጣል። ኪራ ጋሩፋሊያም የበዓሉ ሴቶች አለቃ ናቸው። ባልዲና ረጅም ብሩሽ ይዘው፣ ሴቶቹን አስከትለው ወጡ።

ሚርሲኒ ተመልሳ በመጣች ዕለት እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የመብራት ዘይት ይዤ ወጥቼ። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ሻንጣዋን አላስቀመጠችም።

«ድንጋዮቼ የት አሉ?»

«እነዚያውልሽ!» አሉ ኪራ ጋሩፋሊያ፣ ፊታቸው በርቶ። «ተበታትነው ነበር እኮ ልጄ። ሰው አይሄድባቸው፣ መጥረጊያ አያልፍባቸው። ትልልቁን ከትልልቁ፣ ትንንሹን ከትንንሹ አድርገን በአጥሩ ሥር ደረደርንልሽ። መቀመጫም ሆነ። ከዚያ ቀባናቸው።»

«ቀባችኋቸው?»

«ሁለት ጊዜ! አንዴ ብቻማ አይነጣም።»

«ቁጥሩስ?»

«የምን ቁጥር?»

«በጠመኔ የጻፍኩት… እያንዳንዱ ላይ…»

ኪራ ጋሩፋሊያ ብሩሹን አወረዱት። «የልጆች ጭረት መስሎን ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው እየቀነሰ።

ሚርሲኒ ሻንጣዋን አስቀመጠችና ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። አለቃዋ ኪርዮስ፣ ማለት አቶ፣ ክሌዮሜኒስ የሚባሉ ሰው መሆናቸውን፣ እያንዳንዱ ድንጋይ የነበረበት ቦታ በማስረጃ ካልታወቀ ግድግዳውን መልሶ መገንባት እንደማይፈቅዱ፣ ድንጋዩ ተጭኖ ስፓርታ መጋዘን እንደሚገባና ቤተ ክርስቲያኗ በሽቦ ታጥራ ፍርስራሽ ተብላ እንደምትቀር ቀስ ብላ ነገረችን። ከሐዋርያት ጾም ፍቺ በኋላ መጥተው ያያሉ።

«በሽቦ ታጥራ?» አሉ ኪራ ጋሩፋሊያ። «ልጁስ?»



በዚያ ሳምንት ወንበሬ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። «ጋሩፋሊያ መሰላል ቢያገኙ ጨረቃንም ይቀቧት ነበር» ይላል አንዱ። «እና ጨረቃን ማን የቀባት መሰለህ?» ይላል ተራውን የሚጠብቀው። ፓናጎስ ደግሞ ጢሙ አረፋ እንደሆነ፣ «ስተኛ በሬን እቆልፋለሁ፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ካዩ አይምሩም» ይል ነበር። አሮጊቷ በደጃፌ ሲያልፉ ሁሉም ዝም ይላል። ዝምታውን እንደሚሰሙት አውቃለሁ። እሳቸውም ቀና ብለው ያልፋሉ፣ ዘንዶውን በእጃቸው ይዘው።

መላው የመጣው ከአባ ዲካዮስ ነው፤ እሱም ሳያስቡት። ፀጉራቸውን እያስተካከልኩ፣ ሚርሲኒም ለአለቃዋ ምን ብላ እንደምትጽፍ ልታማክራቸው መጥታ ከጎን ተቀምጣለች።

«አያቴ ሲያወሩ፣ በእሳቸው ዘመን አንድ የውጭ አገር ሰው በበቅሎ መጥቶ ነበር» አሉ ቄሱ። «ጃንጥላ ተክሎ፣ በምትታጠፍ ወንበር ተቀምጦ፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችንን ሲነድፍ ይውላል። ሰዉ ግብር ሊያስከፍለን ነው ብሎ…»

ሚርሲኒ ብድግ አለች። «አባ፣ ይቺንም ነድፏት ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ የአያቴ ወሬ ነው።»

ልጅቷ ግን ወጥታ ወደ ቡና ቤቱ ስልክ እየሮጠች ነበር። አቴና ውስጥ እንዲህ ያሉ የድሮ ንድፎች የተሰበሰቡበት ቤተ መዛግብት አለ። በስልኩ እየጮኸች የመንደራችንን ስም ፊደል በፊደል ስትናገር መንደሩ ሁሉ ሰማ። ከዚያኛው ጫፍ የሆነ ሰው ሄዶ፣ ቆይቶ፣ ተመለሰ። በመንደራችን ስም አንድ ወረቀት አለ። ምን እንደሆነ ግን መጥቶ ማየት ነው እንጂ በስልክ አይነገርም፤ በፖስታም አይላክም።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ ኪራ ጋሩፋሊያ። «ያጠፋሁት እኔ፣ የማመጣውም እኔ።»

አቴናን አይተዋት አያውቁም። አባ ዲካዮስ ወደ ጎን ሳቡኝና፣ «ስትራቲ፣ አንተ ታጋሽ ሰው ነህ። አብረሃቸው ሂድ። ሴቲቱን አቴና ድረስ የሚችል ሌላ ሰው የለኝም» አሉኝ።

በአውቶብሱ ውስጥ ኪራ ጋሩፋሊያ አንድ ቆርቆሮ የወይራ ዘይት በእግራቸው መሀል አድርገው፣ በጨርቅ የተቋጠረ ላላንጊያ፣ ማለት ያ በዘይት የተጠበሰው የእኛ ሊጥ፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሄዱ። «ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም» ይላሉ። ሚርሲኒ «የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓይነት ነው እኮ» ብትላቸው፣ «እዚያስ የሚሠራው ሰው አይበላም?» አሉ።

የቤተ መዛግብቱ ጠባቂ ኪርዮስ አንቲሞስ ይባላሉ፤ ነጭ ጓንት ያጠለቁ፣ ሲናገሩ ሰው የተኛበት ቤት ያሉ የሚመስሉ ሽማግሌ። ዘይቱን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ዘይት! እዚህ! ከወረቀቱ ጋር!» ብለው እስከ ውጭ በር ሸኙት። ላላንጊያው ተከተለው። ከዚያ እጃችንን አሳጠቡን።

ክፍሉ ሰፊ ጠረጴዛና ዝቅተኛ ሰፋፊ መሳቢያዎች ብቻ ነው ያለው። የእኛ ወረቀት ከሌሎች ሥር ስለነበር እሳቸው አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ጎን ያኖሩ ነበር፣ እኛም አየን። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጉልላቶች፣ ዓምዶች፣ የወለል ድንጋይ እያንዳንዱ በቀለሙ፣ የመስኮት ክፈፍ፣ የመስቀል ቅርጽ። በእርሳስ ተጀምረው በቀለም የተጠናቀቁ፤ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ። አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም አሉ ጠባቂው፣ ጦርነት ወይም መንገድ ሥራ በልቷቸዋል። እዚህ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ቆመዋል። እኔ በልቤ የሞቱትን የማስብበትን ጸሎት ጀመርኩ፤ ለሕንፃ ይጸለይ እንደሆነ አላውቅም።

ኪራ ጋሩፋሊያ አንዱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ቤተ ክርስቲያኑን መሀል ለመሀል የቆረጠው?» አሉ።

«ውስጡን ለማሳየት ነው» አለች ሚርሲኒ። «የግድግዳው ውፍረት፣ የጉልላቱ ከፍታ እንዲታወቅ።»

«እንደ ሐብሐብ!» አሉና አማተቡ።

የእኛ ወጣ። ከላይ የመንደራችን ስም፣ ከሥሩ የቤተ ክርስቲያኗ ፊት። ኪራ ጋሩፋሊያ አንገታቸውን ደፍተው ሊስሙት ሲሉ ኪርዮስ አንቲሞስ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መሀል ገቡ። «ሥዕለ አድኅኖ አይደለም እመቤቴ!»

«ለእኔ ነው» አሉ። ግን ከሩቅ ሳሙት።

የቀኙ ጎን ሙሉ ነበር። እያንዳንዱ ድንጋይ በልኩ፣ በዙሪያው ጡቡ አንዴ በጀርባው አንዴ በጎኑ፣ ከመስኮቱ በላይ ጡብ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ሲል። ከመሀሉ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ የተተከሉ ሳህኖች! የሸክላ ሳህን፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ማር የመሰለ፣ በውኃ ቀለም ተቀብተው። ስንት ዘመን በሥሩ ስንቆም ከኖራው ኋላ ሳህን መኖሩን ማን ያውቃል። ሚርሲኒ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ግራው ግን ባዶ ነው። የዳር መስመሩ ብቻ፣ ውስጡ ነጭ ወረቀት። ከዳርም፣ ነዳፊዎች የሕንፃውን ቁመት ለማሳየት ሰው እንደሚያቆሙት፣ አንዲት ትንሽ ሴት ተስላለች፤ ሻሿን አስራ፣ መጥረጊያ ሽቅብ ይዛ። ከእግሯ ሥር በእርሳስ የተሞነጫጨረ ጽሑፍ አለ። ሚርሲኒ ቋንቋውን ስለምታውቅ አነበበችው፤

«ግራው አልተነደፈም። ኖራውን ስፍቅ የመንደሩ ሴቶች በመጥረጊያ አባረሩኝ። ሰኞ እሞክራለሁ።» ከሥሩ ደግሞ፣ «ሰኞም አባረሩኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት ኪርዮስ አንቲሞስ ናቸው። ያ ሰው ይስቃል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ እየሳቁ ወረቀቱ ላይ እንባ እንዳይወድቅ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሚርሲኒም እኔም ተከተልን። ኪራ ጋሩፋሊያ ብቻ ሴትዮዋን ትኩር ብለው ያያሉ።

«አያቴ ናት» አሉ።

«ፊቷ እንኳ አልተሳለም፤ እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«አቋቋሟን እያት!»

ጠባቂው ንድፉን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ አስገልብጠው ሰጡን። ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ፣ ባሕሩ መታየት ሲጀምር፣ «ስትራቲ» አሉኝ አሮጊቷ፣ «ንጹሕ ማድረግ ኃጢአት ነው እንዴ?»

«አይደለም ኪራ ጋሩፋሊያ።»

«አያቴ ያባረረችው፣ ቤቷን ሲልጥባት አይታ ነው። እኔም የቀባሁት ለእሷ ብዬ ነው፣ ለእመቤታችን። ሁለታችንም ከመውደድ ነው ያጠፋነው።»

ስንወጣ ከበሩ ያነሳነውን የላላንጊያ ቋጠሮ ፈትቼ አንድ ሰጠኋቸው፣ በሉ።

በማግስቱ የቀቡት ሴቶች ሁሉ ብሩሻቸውን ይዘው ወጡ፤ አሁን ሊያጥቡ። የውኃ ሰልፍ ከጉድጓዱ እስከ ግቢው። ቁጥሩ እንደሆነ ሄዷል፤ የድንጋዩ መልክ ግን እየወጣ መጣ። አረንጓዴው ሳህን በአንዷ እጅ ላይ ከኖራው ብቅ ሲል ጩኸቱ እኔ ጋ ድረስ፣ ሰው እየላጨሁ፣ ተሰማኝ። ሰውየውን ግማሽ ጢም አስቀርቼው ሮጥኩ፤ እሱም አብሮኝ ሮጠ።

ሚርሲኒ ግልባጩን በአሮጌ የበር ሳንቃ ላይ ቸነከረችው። ፓናጎስ ድንጋይ ያነሳል፣ እሷ ንድፉን ታያለች፣ «አይደለም… አይደለም… ቆይ፣ ገልብጠው… እሱ ነው!» ስትል ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። የግድግዳው ቀኝ ጎን መሬት ላይ ተንጋሎ እንደተኛ ሰው ቀስ በቀስ ሞላ። አንድም አልቀረ። የግራው ድንጋይና ጡብ ግን በአጥሩ ሥር ተከምሮ ቀረ። ታጥቧል፣ ግን ቦታውን የሚናገርለት የለም።

ያኔ ነው ፈተናው የመጣው።

«ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለ ፓናጎስ። «ቀኙን አይቼ ግራውን እገጥመዋለሁ። ሰው ቀኝ እጁን አይቶ ግራውን ማወቅ ያቅተዋል?»

«ቀኝ እጄ ላይ ጠባሳ አለ ማስትሮ» አለች ሚርሲኒ፣ እያሳየችው። «ግራዬ ላይ የለም።»

«ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ አውቃለሁ። በሥሩ የምፈርመው እኔ ነኝ። ያላየሁትን አየሁ ልበል?»

«ሰንሰለቱ ተመልሶ ከሚታሰር!» አለ ፓናጎስ። ሌሎቹም ተጫኗት። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ የፓናጎስ ወገን ነበርኩ። ኪራ ጋሩፋሊያ ደግሞ ለምነዋት ነበር፤ «ልጄ፣ ስትስቂ ደስ ትይኛለሽ፣ ስትገግሚ ግን በቅሎ ነሽ። እባክሽ» እያሉ። ሚርሲኒ እጃቸውን ሳመች፣ ግን እሺ አላለችም።

የሐዋርያት ጾም ተፈታና ኪርዮስ ክሌዮሜኒስ መጡ። ኮታቸውን በዚያ ሙቀት ያላወለቁ ሰው ናቸው። መንደሩ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበር፣ ዘንዶውም፣ አንድ የተናደደች ዶሮ ታቅፎ። ሰውየው በተኛው ግድግዳ ዙሪያ ዞሩ፣ ከንድፉ ጋር አስተያዩ፣ ሳህኖቹ ጋ ጎንበስ ብለው ቆዩ። «ቀኙ እንከን የለውም» አሉ። «ግራውስ?»

«አላውቀውም» አለች ሚርሲኒ።

«ታዲያ በምን ልፍቀድ? በግማሽ ግድግዳ ቤተ ክርስቲያን አይቆምም።» ወደ እኛ ዞሩ። «ከእናንተ መሀል ከኖራው ሥር ምን እንደነበር ያየ አለ? ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ ኖራው ሲረግፍ አጋጥሞት ያስተዋለ? የዓይን ምስክር ካለ ማስረጃ ነው፣ እመዘግባለሁ።»

ሁሉም ሰው ወደ አንድ ሰው አየ። የቁልፉ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያንን ግድግዳ የዳሰሱት እሳቸው ናቸው። «አዎ፣ አይቻለሁ፣ ልክ እንደ ቀኙ ነው» ቢሉ አለቀ። ማንም «ውሸት ነው» ሊላቸው አይችልም። ፓናጎስ በዓይኑ ይጠቅሳቸዋል። ፖሊቲሚ ልጇን ወደ ራሷ ስባ ቆማለች። አባ ዲካዮስ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ «አቤቱ» አልኩ፣ ምን እንደምለምን ግን አላወቅኩም።

ኪራ ጋሩፋሊያ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱና በእጃቸው ያዙት።

«ያየሁትን ልንገርዎ?» አሉ። «ኖራ ነው። ከኖራ በቀር ያየሁት የለም። እናቴም ያየችው ኖራ ነው። አያቴም ይኸውልዎት፣ እዚያ ወረቀት ላይ ቆማለች፤ እሷም ኖራ ነው ያየችው። የሌላውን አላውቅም።»

ፓናጎስ በቀስታ «ጉድ ፈላ» ሲል ሰማሁት።

ሚርሲኒ ግን አሮጊቷን እያየች ፊቷ መለወጥ ጀመረ። «ኪርዮስ ክሌዮሜኒስ» አለች፣ «ይመዝግቡት።»

«ምኑን?»

«ምስክርነቱን። ስለ ግራው ጎን በእርግጠኝነት የሚታወቀው አንድ ነገር ኖራው ነው። የሦስት ትውልድ የዓይን ምስክር አለው፣ የንድፍ ማስረጃም አለው። ድንጋዩን ፓናጎስ እንደሚመቸው ይገንባው፣ እንልሰነው፣ ሴቶቹ ይቀቡት። የሚታወቀው ጡብና ድንጋይ ይታያል፣ የማይታወቀው ነጭ ይሆናል። የሚያየው ሰው የቱን እንደምናውቅ የቱን እንደማናውቅ ወዲያው ያነበዋል። ማንንም አንዋሽም።»

ሰውየው ወደ ሳንቃው ሄደው መጥረጊያ የያዘችውን ትንሽ ሴት አዩ፣ ጽሑፉን አነበቡ፤ ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ሰኞም አባረሩት?»

«ሰኞም» አሉ ኪራ ጋሩፋሊያ።

«እኔን ዛሬ ባታባርሩኝ ደስ ይለኛል» ብለው ኮታቸውን አወለቁ፤ እዚያው በጉልበታቸው ላይ ፈረሙ።

ሐምሌን ሙሉ ፓናጎስ ገነባ፣ እያጉረመረመ፣ እየዘፈነ። ግራውን ሲጨርስ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው በደረጃው ላይ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር። «ልስኑ ይድረቅ እንጂ!» ይላል። «አንተ ውረድና ይደርቃል» ይሉታል። ሚርሲኒ ግድግዳው መሀል ከላይ እስከ ታች ገመድ ወጥራ፣ «ከዚህ መስመር አንዲት ጠብታ ወደ ቀኝ ብታልፍ…» ስትል፣ ኪራ ጋሩፋሊያ ጠጋ ብለው ጥርት ባለች ቀጥ ባለች መስመር ዳሩን በጠባብ ብሩሽ ጨረሱት። እንዲያ ያለ ጥንቃቄ አይቼባቸው አላውቅም።

የፍልሰታ ዕለት ጠዋት ቅዳሴው አልቆ ክርስትናው ተጀመረ። ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ ስለሆነች ግማሹ ሰው ውጭ ነው። እናቲቱ ፖሊቲሚ እንደ ልማዳችን የልጁ ስም እስኪጠራ ውጭ፣ በሩ አጠገብ ትጠብቃለች፤ ባሏ መርከበኛ ነው፣ ከሮተርዳም ቴሌግራም ልኳል። የክርስትና እናቱ ሚርሲኒ ነበረች። ልጁ ከባድ ነው፣ ትልቅ ነው፣ አይያዝም። ዘይት ከተቀባ በኋላ ደግሞ እንደ ዓሣ ይንሸራተታል። አባ ዲካዮስ ከውኃው ሦስቴ ሲያወጡት እሱ ጢማቸውን አልለቅም አለ።

«ስትራቲ፣ ዝማሬው ይቅርና ጣቶቹን አስለቅቀኝ!» አሉኝ።

ከዚያ ሚርሲኒ ጮክ ብላ ስሙን ጠራች። «ሊኩርጎስ!»

የሰፈሩ ልጆች ይሄን ሲጠብቁ ነበር። ለእናትየው ቀድሞ የደረሰ ሽልማት አለውና እየተጋፉ በበሩ ወጡ፣ «ሊኩርጎስ! ሊኩርጎስ ነው!» እያሉ። ፖሊቲሚ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ሁሉንም አቅፋ ሳመች። ዞር ስትል ሰማያዊ ቀሚሷ ጀርባው ሙሉ ነጭ ነበር፤ በትካዜዋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ኖሯል። ፓናጎስ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ።

ልጁን ነጭ አልብሰው አወጡት። ሰው ሁሉ «ሊኩርጎስ! እንኳን ደስ ያለህ ሊኩርጎስ!» ይለዋል። እሱ ማን እንደሚጠራ አያውቅም፤ በሰዉ እግር መሀል ሾልኮ ወደ ወይራው፣ ወደ አንዲት ዶሮ ይሮጣል። ኪራ ጋሩፋሊያ ተከትለውት ሄደው ራቅ ብለው ቆሙ፣ አንድ እጃቸውን ከጀርባቸው አድርገው፣ «ሊኩርጎስ» አሉ። አልዞረም። ደግመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ለአዲስ እንግዳ እንደሚናገረው፣ «ሊኩርጎስ» አሉ።

ዞር አለ። ለስሙ ይሁን ከጀርባቸው ላሸተተው የማር ኬክ አላውቅም። ብቻ እየሮጠ መጣ።